ስምንት ዜሮ የጎደለው ኪሎ ዋት

አጎቴ የታሰረው ከአንድ እስከ ሰባት በመቁጠሩ ነው። ስምንት ሊል ሲል ያዙት።

ጊዜው የደርግ ነበር፤ እኔም ዘጠነኛ ክፍል። አሁን ያ መንግሥት ወርዶ፣ እኔም አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሼ ነገሩን ስጽፈው ሳቄ እየመጣ መስመሩን ያጣምምብኛል። ያኔ ግን የሳቀ አልነበረም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እናቴን፣ እኔንና ሁለቱን ታናናሾቼን የሚያኖረን ይኸው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር። «ደሴ ይላክ» ከተባለ በቃ። ደሴ የተላከ ሰው ምን እንደሚሆን በሐይቅ ከተማ የሚጠይቅ አልነበረም፤ መልሱን የማያውቅ ስላልነበረ።

ጋሼ ነው የምለው። ሥራው ሬድዮ መጠገን ነው። በንጉሡ ጊዜ የመገናኛ ወታደር ነበር፤ ከዚያ ይዞ የወጣው አንድ የማይለቅ ሳልና አንድ በገዛ እጁ የገለበጠው ደብተር ነው። ደብተሩ ውስጥ ስለ ሞገድና ስለ አንቴና የሌለ ነገር የለም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ገብቼ እሱን አነብ ነበር። እናቴ «ከሬድዮ ሆድ ባል አይወጣም!» ትለኛለች። «ጣቢያ ይወጣል እማ» እላታለሁ።

የሬድዮ ጠጋኝን ችግር ሰው አያውቀውም። አንድ ገበሬ ከውጫሌ ሬድዮውን በጋቢ ጠቅልሎ ያመጣል። ጋሼ ይፈታዋል፣ ይበይደዋል፣ ይገጥመዋል። መዳኑን ለማየት ግን የሚያወራ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ ጣቢያው ደግሞ ጠዋት አውርቶ አውርቶ ረፋዱ ላይ ያርፋል። ገበሬው «ድዳውን ዳነ ብለህ ልትሰጠኝ ነው?» ብሎ ይቆጣል። ስለዚህ ጋሼ ከሞቱ ሬድዮዎች ዕቃ ለቃቅሞ በሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ አንዲት ትንሽ ማሰራጫ ሠራ። አራት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት ትራንዚስተር፣ አንድ ሜትር ሽቦ። እሱ ሲቆጥርባት የተጠገነው ሬድዮ አብሮት ከቆጠረ ድኗል ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይዘፍንባት ነበር፤ ጋሼ ወታደር ስለነበር የሚቀናው መቁጠር ነው።

ክፉው ነገር የሱቁ ግድግዳ የቀበሌያችንም ግድግዳ መሆኑ ነው። ከጭቃው ወዲያ፣ ከጋሼ ጠረጴዛ ትይዩ፣ የሊቀመንበራችን ሬድዮ ይቀመጥ ነበር። ሁለቱን የሚለያያቸው አንድ ክንድ ጭድና ጭቃ ነው።

ግንቦት ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ የቀትሩን ዜና ያዳምጣሉ፤ ጋሼ ሰዓቱን ረስቶ ይቆጥራል። ዜና አንባቢው የክፍለ ሀገሩ ምርት ከዕቅድ በላይ መሆኑን ሲያበሥር፣ ከዚያው ከሬድዮው ውስጥ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ኧኽ፣ ኧኽ፣ አራት» የሚል ድምፅ ወጣ። ሊቀመንበሩ ሽጉጣቸውን ያዙ። ጸሐፊው ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ ኋላ እስክሪብቶ ወድቆብኝ ነው አለ። ሰባት ላይ አብዮት ጠባቂው የሱቁን በር በርግዶ ገባ።

«እጅ ወደ ላይ አያ! ይቅርታ አያ፣ የኔዋ ሬድዮ ደርሳለች?»

ጋሼን ድሮ የእህል መጋዘን የነበረች የቀበሌው ጓሮ ክፍል ውስጥ ቆለፉበት። ማሰራጫዋን በቀይ ጨርቅ ጠቅልለው ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አኖሯት፤ እንደ ፈንጂ ማንም አይጠጋትም፣ እንደ ዋንጫ ሁሉም ያያታል።

እኔና እናቴ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስንገባ ጸሐፊው ቅጽ እየሞላ ነበር። ቅጹ ከላይ የመጣ ነው። ላይ ያሉት ሐይቅ ላይ በሳሙና ማስቀመጫ ማሰራጫ ይሠራል ብለው ስላላሰቡ ጥያቄዎቹ ሁሉ ለትልቅ ጣቢያ የተዘጋጁ ነበሩ። «የጣቢያው ስም» ለሚለው «ገና ያልተሰየመ» ብሎ ጻፈ። «የሠራተኞች ብዛት» ለሚለው «አንድ፣ የሚያስለው»። ከዚያ «የሚያሰራጨው ኃይል በኪሎ ዋት» የሚል ባዶ ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ። ከሥሩ ደግሞ ማስታወሻ አለ፦ ከአንድ ኪሎ ዋት በላይ ከሆነ ተጠርጣሪው ከነዕቃው ወደ ደሴ ይላክ፤ በታች ከሆነ ቀበሌው መክሮ ይልቀቅ።

«ስንት እንበል ጓድ ሊቀመንበር?» አለ ጸሐፊው።

«እስቲ ለኮሚቴው ይቅረብና በእጅ ማውጣት ይወሰን።»

እውነቴን ነው፣ በድምፅ ብልጫ ሊወስኑት ነበር! እኔ ሳላስበው አፌ ተከፈተ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ እኮ ይሰላል።»

ዞር ብለው አዩኝ። «ማን ያሰላዋል? ተጠርጣሪው ራሱ አይችልም፤ የራሱን ጥፋት ያሳንሳል። የፊዚክስ መምህራችሁን አስጠርቼ ነበር፤ ድንገት ግሸን ስለት አለብኝ ብሎ ሄዷል።»

ግሸን የሚነግሠው በመስከረም ነው አላልኩም። «እኔ አሰላዋለሁ» አልኩ። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ጎኔ እስከ ማግሥቱ አመመኝ።

ሦስት ቀን ተሰጠኝ። በማግሥቱ የጋሼን ምሳና ደብተሩን ይዤ በጓሮው መስኮት ቆምኩ። አብዮት ጠባቂው ከአጠገባችን ቆሞ ያዳምጣል፤ ግዴታው ነው።

«ጋሼ፣ ከድንጋዮቹ ምን ያህል ትወስዳለች?»

«መጀመሪያ ምሳውን አቀብይኝ።» ጎርሶ «ስድስት ቮልት፣ ሃያ ሚሊ አምፔር» አለ። «ለክቻታለሁ።»

አባዛሁት፤ መቶ ሃያ ሚሊ ዋት። «ይኼ ሁሉ ይወጣል?»

«ግማሹ ትራንዚስተሩን ማሞቂያ ነው። ስልሳው ሽቦው ጋ ይደርሳል በይ።» ደረቱን ነፋ። «ስልሳ ቀላል አይደለም።»

ስልሳ ሚሊ ዋት ብዬ ልጽፍ ስል ደብተሩ ከለከለኝ። እዚያ ላይ ባለው ነገር በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁንም ድረስ ደስ ይለኛል። ሽቦ የሚያወጣው የተሰጠውን ያህል ሳይሆን በቁመቱ ልክ ነው። የጋሼ ሞገድ ርዝመቱ ሦስት መቶ ሜትር ነው፤ ሽቦው አንድ ሜትር። አንዱን ለሦስት መቶ አካፍለው፣ መልሱን በራሱ አባዛው፣ ከዚያ በሦስት መቶ ዘጠና አምስት አባዛው ይላል ደብተሩ። 0.0044 ኦም ወጣልኝ። ወደ አየር የሚወጣው የዚህች ድርሻ ነው። የሽቦው ጥቅልልና መሬቱ የሚበሉት ደግሞ ደብተሩ እንደሚለው አርባ ኦም ነው ብዬ ያዝኩ። አርባን ለዚያች አካፈልኩ፤ ዘጠኝ ሺህ ምናምን። እንግዲህ ከዘጠኝ ሺህ እጅ አንዱ ብቻ ነው አየር የሚያየው፤ ሌላው ሽቦና መሬት ሲያሞቅ ይቀራል ማለት ነው።

«እንደ ቀበሌ ስብሰባ» አለ አብዮት ጠባቂው። ከዚያ ማን እንደተናገረው ለማወቅ ይመስል ዘወር ዘወር አለ።

ስልሳውን ሚሊ ዋት ለዘጠኝ ሺህ አካፍዬ የመጨረሻውን ቁጥር ለጋሼ በመስኮት አነበብኩለት፤ 0.0000066 ዋት። የተሸለመ ሰው ይመስል ደስ ብሎኛል። ጋሼ ግን ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ?»

«ነፃ ነህ ጋሼ! የአብዮት ጠባቂው የእጅ ባትሪ አምፖል እንኳ መቶ ሺህ ጊዜ ይበልጥሃል።»

«የሱ ባትሪ? ይኼ በጥፊ ካልመቱት የማይበራው?»

«ኧረ አያ፣ ባትሪዬን ምን አርጌህ» አለ አብዮት ጠባቂው።

«አንቺ ልጅ፣ ገበያው ድረስ ትሰማለች! በእጄ ነው የሠራኋት!»

«ጋሼ፣ ቀስ በል፣ በአላህ! ገበያው ድረስ ከተሰማች አንተ ደሴ ድረስ ነህ።»

አኮረፈ። ምሳውን ሳይጨርስ ሳህኑን መለሰልኝ። ሰው ነፃ መሆኑ ሲነገረው ሲያኮርፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስሌቱን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ፣ ቅጹ በኪሎ ዋት ስለሚል ወደ ኪሎ ዋት ቀይሬ አስረከብኩ፦ 0.0000000066። ከነጥብ በኋላ ስምንት ዜሮ። እያንዳንዱን ዜሮ አሳምሬ፣ ክብ አድርጌ ጻፍኩት፤ የጋሼ ነፃነት እነሱ ውስጥ ነበርና። ጸሐፊው ተቀብሎ ማኅተም መታበት። ደስ ብሎኝ እየዘለልኩ ቤት ገባሁ፤ እናቴም «አልሐምዱሊላህ» አለች።

በሁለተኛው ቀን አብዮት ጠባቂው በጓሮ በኩል መጣ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ልጄ፣ ስንት ብለሽ ነበር የጻፍሽው?»

ነገርኩት።

«ቅጹ ላይ ያለው ስልሳ ስድስት ኪሎ ዋት ነው። ከትናንት ጀምሮ እንኳን ደስ ያላችሁ እየተባለ ነው።»

በሩጫ ነው የሄድኩት። ጸሐፊው ራስጌ ላይ ግድግዳው «ወረቀትንና ቀለምን በመቆጠብ አብዮቱን እናግዝ» ይላል።

«ጓድ ጸሐፊ፣ ዜሮዎቹስ?»

«የቶቹ?»

«ስምንቱ! ከፊት የነበሩት!»

ተረጋግቶ አስረዳኝ፤ ለልጅ እንደሚያስረዱት። «ዜሮ ምንም ማለት ነው፣ አይደለም?»

«ነው፣ ግን…»

«ምንም ለሆነ ነገር ቀለም ማባከን ክልክል ነው። ደግሞም ቦታው ለሁለት ቁጥር ብቻ ነው የሚበቃው። ዋናዎቹን ወስጃለሁ። ስድስትና ስድስት ያንቺ ናቸው፤ አልነካኋቸውም።»

«ነጥቡስ?»

«ነጥብ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ አድርጌልሻለሁ።»

ሊቀመንበሩ ጋ ገባሁ። ሊቀመንበሩ ግን ስልሳ ስድስቱን ወደዋታል። በክፍለ ሀገሩ ሌላ ቀበሌ ሌባና አቀባይ ሲይዝ እሳቸው ስልሳ ስድስት ኪሎ ዋት ይዘዋል! «የእኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ትሑት መሆንሽ ጥሩ ነው። አብዮቱ ግን ትንሽ ነገር አይዝም።» በማግሥቱ ከአውራጃው አንድ ጓድ ጋሼን ሊወስድ በላንድሮቨር እንደሚመጣም ነገሩኝ። ይህን የነገሩኝ እንደ ምሥራች ነው።

የአውራጃው ጓድ ወጣት ነው፤ ደብተር ያዥ፣ የማይስቅ። እናቴ የጋሼን ልብስ በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ ወረቀቴን ይዤ ፊቱ ቆምኩና «ጓድ፣ ይህች ነገር ከዚህ እስከ መንገዱ አትደርስም፤ ይሞከር» አልኩት። ወረቀቴን አየ፣ ቀዩን ጨርቅ አየ። «ይሞከር» አለ።

ጋሼ ከእስር ወጥቶ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ማሰራጫዋ ፊት ተቀመጠ፤ እንዲቆጥር ታዘዘ። ሌሎቻችን የሊቀመንበሩን ሬድዮ አብዮት ጠባቂው ትከሻ ላይ ጭነን ሐይቁ ዳር ወዳለው የእስጢፋኖስ ገዳም በሚወስደው መንገድ ሄድን። በሩ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ኧኽ። እርምጃ እቆጥር ነበር። ሃያ ላይ ድምፁ እንደ ትንኝ ሆነ። አርባ ላይ ሬድዮው «ሽሽሽ» አለ፤ ሌላ ምንም።

«ጠፋ!» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ጆሯቸውን ቀሰሩ። «እሰማለሁ» አሉ። «አስራ አንድ አለ።»

ጸሐፊው «አስራ ሁለት» አለ ወዲያው።

ሄድን። መቶ እርምጃ፤ ሽሽሽ። «ሠላሳ ደርሷል!» አሉ ሊቀመንበሩ። «ሳሉም ይሰማል» አለ ጸሐፊው። ሐይቁ ዳር ደረስን፤ ውኃው ፀጥ ብሏል፣ ሬድዮው ሽሽሽ ይላል፣ ሁለቱ ሰዎች ደግሞ ጋሼን ሰባ ሦስት ላይ አድርሰውታል። አንድ ሽማግሌ አህያ እየነዱ ሲያልፉ ሊቀመንበሩ አስቆሟቸው።

«አባት፣ የጠላት ሬድዮ ይሰማዎታል?»

ሽማግሌው እኛን አዩ፣ ጠመንጃውን አዩ። «ጌታዬ፣ ሰማሁ ብል አላህ ይታዘበኛል፣ አልሰማሁም ብል እናንተ። ጆሮዬ ድሮውንም ደንቆሮ ነው፣ ወላሂ» ብለው አህያቸውን በዱላ ነካ አደረጉ። ነድተው ሲርቁ አህያዋን «ነይ እንጂ አንቺ፣ የሚያወሩትን አትስሚ!» ሲሉ ሰማኋቸው።

የአውራጃው ጓድ ጻፈ። «እስከ ሐይቁ ይሰማል። ስልሳ ስድስት ኪሎ ዋት መሆኑ ተረጋግጧል።»

አሳፋሪው ነገር እንባዬ መጣ። ወረቀቴን በእጄ ጨምድጄ ስመለስ ግን ያቺ ዘጠኝ ሺህ አሁንም ትታየኛለች። ከዘጠኝ ሺህ አንድ። ወዲያው ወደ ኋላ አሰብኳት፤ አንድ ከወጣ ዘጠኝ ሺህ ገብቷል ማለት ነው!

ጽሕፈት ቤቱ ደርሰን ጋሼን (እውነተኛውን ጋሼ) ማንም ቁም ስላላለው እየቆጠረ አገኘነው፤ ሰባት መቶ አሥራ አራት ላይ ነበር፣ ድምፁ ሰልሏል። የአውራጃው ጓድ «ጫኑት» ሊል ሲል «ጓድ» አልኩት፣ «አንዲት ጥያቄ ብቻ። ስልሳ ስድስት ኪሎ ዋት በዚህ ሽቦ ለማውጣት ስድስት መቶ ሺህ ኪሎ ዋት መግባት አለበት።»

«እና?»

«የከተማችን ጄኔሬተር ሠላሳ ኪሎ ዋት ነው፤ የሚያስነሳው ሞተረኛ ነግሮኛል። እንግዲህ ሃያ ሺህ ጄኔሬተር ያስፈልጋል።»

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ሃያ ሺህ ጄኔሬተር የት ተቀመጠ ብሎም አልጠየቀም። እስክሪብቶውን አውጥቶ ሌላ ገጽ ገለጠና «ናፍጣው በማን ፊርማ ነው የወጣው?» አለ።

የከተማውን ናፍጣ የሚፈርሙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ሁላችንም እሳቸውን አየን፤ ጸሐፊው እንኳ አየ፣ ከዚያ እስክሪብቶ ወደቀበት።

ሊቀመንበሩ ላባቸውን ጠረጉ። «ጓድ፣ አንድ ጊዜ… ያ የልጅቱ ወረቀት የት አለ?»

እጄ ውስጥ ነበር። ተቀብለው በመዳፋቸው አቃኑት። ለመጀመሪያ ጊዜ አነበቡት መሰለኝ። «ዜሮ አለው እኮ! ጓድ ጸሐፊ፣ ይህ ሁሉ ዜሮ እያለ ለምን አልነገርከኝም?»

«ቁጠባ…» አለ ከጠረጴዛው ሥር።

«በሕዝብ ዜሮ ላይ ቁጠባ የለም! መልስ! ስምንቱንም መልስ! ለጥንቃቄ ሁለት ጨምርበት!»

«ሐይቁ ዳርስ የሰማችሁት?» አለ የአውራጃው ጓድ።

«ንፋስ ነበረ» አሉ ሊቀመንበሩ። «ይቆጥር የነበረው ንፋሱ ነው።»

የአውራጃው ጓድ ይህንንም ጻፈ። ከዚያ ከአንድ ኪሎ ዋት በታች በሚለው ላይ ምልክት አድርጎ፣ ደብተሩን ዘግቶ፣ ብቻውን ላንድሮቨሩ ላይ ወጥቶ ሄደ። ማሰራጫዋን ሊቀመንበሩ አስቀሩ፤ የሳሙና ማስቀመጫው ግን ባዶውን ተመለሰልን። ጋሼ ከእንግዲህ በማንኛውም ዕቃ ላይ ላይቆጥር ፈረመ።

እናቴ በሩ ላይ ልብሱን ከነፌስታሉ ጥላ አቀፈችው። ጋሼ ግን በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እኔን ያያል፤ በአንድ እጁ ወረቀቴን ይዟል። ከጠረጴዛው ላይ መቼ እንዳነሳው አላውቅም።

«አርባ ኦም ያልሽው ከየት ነው?» አለኝ በሰለለ ድምፁ።

«ከደብተርህ።»

«እሱ ለደረቅ መሬት ነው። ይኼ ሐይቅ ዳር ነው፣ እርጥብ አፈር ነው! ሃያ ነው የሚባለው። ሃያ ከሆነ የሚወጣው ጉልበት እጥፍ ነው።» ወደ ጽሕፈት ቤቱ ዞረ። «ቆይ፣ ያ ቅጽ ሳይታሸግ…»

እኔ አንድ እጁን፣ እናቴ ሌላውን ይዘን ጎተትነው። «እጥፍ!» ይላል ጋሼ ወደ ኋላ እየዞረ፣ «እጥፍ ነው!» አብዮት ጠባቂው በሩን ከኋላችን ዘጋው፤ በመወርወሪያም ቀረቀረው።